ቢጫ የለበሰችው የሙሽራ መኪና

ልጅቷ አሁንም እየተንቀጠቀጠች ነው! ታሪኳን ከየት እንደምትጀምር ጠፍቷታል። እኔ ልጀምርላት፤ እናንተ ብቻ "እሺ" እያላችሁ ስሙኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኤፍራታ የምትባል ልጅ አለች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ጥያቄ መመለስ የጀመረችው በቅርቡ ነው፤ አሁንማ ይጨበጨብላታል። ከትምህርት ቤት በር ስትወጣ ግን ያው የድሮዋ ፈሪ ናት።

የእህቷ የማስተዋል ሰርግ ሊሆን አንድ ቀን ቀርቶታል። አጎቷ ጋሼ ይልቃል ለማንም የማያውሷትን ጥቁር መኪናቸውን ለሙሽሪት ሰጡ። አጥበው፣ ወልውለው፣ አብረው በሚኖሩበት ጊቢ ውስጥ ከፈረንጅ ጥዱ ስር አቆሟት። "አደራ ኤፍራታ! አንዲት ጭረት ካየሁ እህትሽ በባጃጅ ትሄዳታለች!" ብለው ድንኳን ሊያመጡ ሄዱ።

ነፋስ መጣ። ጥዱ ተወዛወዘ። የአበባው ዱቄት ረገፈና ጥቁሯ መኪና እንደ ሽሮ ዕቃ ቢጫ ሆነች።

"ምን ያስጨንቅሻል?" አሉ ጎረቤቷ እትዬ አስካለ፣ ሽንኩርት እየላጡ። "በደረቅ ጨርቅ ፈተግ ፈተግ አድርጊው!"

"ኧረ አይሆንም እትዬ! በደረቁ ከታሸ ቀለሙን ይጭራል። ትምህርት ቤት በማይክሮስኮፕ አይተነዋል።"

"ሰርግ ቤት ደግሞ ማይክሮስኮፕ ምን ይሰራል!"

ኤፍራታ ወደ መኪናዋ ሄደች። "ዱቄቴ ዱቄቴ፣ እባክህ ውረድልኝ።"

"ውሃ ካላንሸራተተኝ አልወርድም" አለ ዱቄቱ።

ወደ በርሜሉ ሮጠች። "ውሃዬ ውሃዬ፣ ዱቄቱን አውርድልኝ።"

"እግር አለኝ እንዴ? ባልዲ ካልተሸከመኝ አልሄድም" አለ ውሃው።

ጀሪካኑ ጠላ ይዟል። ሳፋው ሊጥ ይዟል። የቀረው ከጓዳ በስተጀርባ ያለው ባልዲ ብቻ ነው። "ባልዲዬ ባልዲዬ፣ ውሃውን ተሸከምልኝ፤ ውሃው ካልሄደ ዱቄቱ አይወርድም።"

"ዶሮዋ ውስጤ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። እሷ ካልተነሳች አልመጣም" አለ ባልዲው።

"ዶሮዬ ዶሮዬ፣ ተነሽልኝ፤ አንቺ ካልተነሳሽ ባልዲው አይመጣም፣ ባልዲው ካልመጣ ውሃው አይሄድም፣ ውሃው ካልሄደ ዱቄቱ አይወርድም።"

ዶሮዋ እጇን ጠቅ አደረገቻት። "ገብስ ካልቀመስኩ አልነሳም!"

እጇን እየላሰች በረንዳው ላይ ወዳለው የገብስ ጆንያ ሄደች። "ገብሴ ገብሴ፣ ውጣልኝ፤ አንተ ካልወጣህ ዶሮዋ አትነሳም፣ ዶሮዋ ካልተነሳች ባልዲው አይመጣም፣ ባልዲው ካልመጣ ውሃው አይሄድም፣ ውሃው ካልሄደ ዱቄቱ አይወርድም።"

"ቀና በይና እይ" አለ ገብሱ ከጆንያው ውስጥ። "ውሻው ላዬ ላይ ተኝቷል። እሱ ካልተነሳ አልወጣም።"

ቀና አለች። የዘበኛው ውሻ፣ ነብሮ! ጥጃ የሚያክል! ዘበኛው ደግሞ ከጋሼ ጋር ሄዷል።

"ነ... ነብሮ... እባክህ..."

ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጠ። "የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሲያዘኝ አልነሳም" አለና መልሶ ጨፈነ።

ኤፍራታ እግሬ አውጪኝ ብላ እትዬ አስካለ ጋ ደረሰች። "እትዬ! ዶሮዋ ውሻውን ካልቀመሰች ባልዲው አይነሳም!"

"ምን?"

"አይ፣ አይ፣ ውሃው ገብሱ ላይ ካልተኛ ዱቄቱ ጠቅ ያደርጋል... ቆይ፣ ማን ነበር ማንን ያለው?"

"ጉድ ፈላ! ልጄ፣ ፀሐይ መትቶሻል። ቁጭ በይና ከሥሩ ጀምሪልኝ።"

ቁጭ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። "ውሻው ካልተነሳ ገብሱ አይወጣም፣ ገብሱ ካልወጣ ዶሮዋ አትነሳም፣ ዶሮዋ ካልተነሳች ባልዲው አይመጣም፣ ባልዲው ካልመጣ ውሃው አይሄድም፣ ውሃው ካልሄደ ዱቄቱ አይወርድም፣ ዱቄቱ ካልወረደ እህቴ በባጃጅ!"

"ይሄን ውሻ እኔም እፈራዋለሁ" አሉ እትዬ። "ግን ክፍል ውስጥ ቆመሽ ታስረጃለሽ አሉ። በይ ሂጂና ለሱም አስረጂው!"

ሄደች። መምህሩ ስሟን ሲጠሩ እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች። ጉልበቷ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ድምፅዋ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጊቢውን ሞላው።

"ነብሮ፣ ተነስ!"

ውሻው ተነሳ። ውሻው ሲነሳ ገብሱ ወጣ፣ ገብሱ ሲወጣ ዶሮዋ ተነሳች፣ ዶሮዋ ስትነሳ እንቁላሎቹ ወደ ቅርጫት ገቡ፣ ባልዲው መጣ፣ ባልዲው ሲመጣ ውሃው ሄደ፤ ውሃው ከመኪናዋ ጣሪያ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ፣ ውሃው ሲወርድ ዱቄቱ ተንሸራተተ! ደጋግማ አፈሰሰችበት። ዱቄቱ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ያበሰችው፤ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ አለቀለቀችው። ጥቁሯ መኪና መልሳ ጥቁር ሆነች።

ጋሼ መጡ። ጎንበስ ብለው በጎን አዩ፣ በዚያኛው በኩል ዞረው አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩ። ምንም የለም።

"ማነው ያጠባት?"

"እኔ" አለች ኤፍራታ።

"የኔ አንበሳ! በይ፣ ባጃጁ ቀረ።"

ማታ አልጋዋ ላይ ሆናም ትንቀጠቀጥ ነበር። ውሻውን ያዘዘችው እሷ ናት? ወይስ ውሻው ራሱ መነሻው ደርሶ ነው? አልገባትም። ሲነጋ ጥዱ ሹው ሲል ሰማች። መጀመሪያ ያደረገችው፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ የጋሼን በር በቡጢ መደብደብ ነው።

"ጋሼ፣ ይነሱ! ነፋስ መጥቷል፤ መኪናዋን ከጥዱ ስር ያውጡልኝ!"

ጋሼም እያዛጉ ተነሱ።