ገመድ የማይገባበት ግቢ

በአንድ ወቅት፣ ገመድ የማይገባበት ግቢ ነበረ። ባለቤቷ እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ሰው ያልፈለገውን ትንሽ እንስሳ ሁሉ ያስገቡ ነበር፤ ሴት ናት ተብላ ቦይ ውስጥ የተጣለች ቡችላ፣ ጅራቷን ያቃጠሏት ድመት፣ ለልጅ መጫወቻ ተገዝታ ልጁን ስትሰለቸው መንገድ ላይ የተለቀቀች ጥንቸል። ውሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት አንገታቸው በገመድ ተልጦ ነው። እማማ ጥሩወርቅ ገመዱን ቆርጠው ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። «እዚህ ቤት ማንም አይታሰርም» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ሕግ አልነበራቸውም።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ሦስቱም ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ። ትልቁ ፈለቀ ከየሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ እየለመነ ዘጠኝ ውሾች ይመግባል። ስመኝ ስድስት ቁስለኛ ውሾች ታክማለች። የመጨረሻው ይርዳው ድመቶቹንና ጥንቸሎቹን ይጠብቃል።

አንድ ክረምት ዝናቡ የጓሮውን አጥር ጣለው። በዚያው ሰሞን እማማ ጥሩወርቅ ታመው ተኙ። ልጆቹ አጥሩን ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈሩ አለፈ። «ነገ ጠዋት ለውሾች መርዝ ይበተናል። ውሻ ያለው ይሰር። ላልታሰረ ውሻ ኃላፊነት አንወስድም።»

እማማ ጥሩወርቅ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙት። የግቢውን በር ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አሰቀሉት።

«ነገ እንስሶቼን ያተረፈ ይውሰደው» አሉ።

«ገመድ ልገዛ ነው» አለ ፈለቀ፣ ከቤት እንደወጡ።

«እማዬ በሕይወት እያለች?» አለች ስመኝ።

«ውሾቹም በሕይወት እያሉ ነው የምገዛው።»

«እናንተ ተከራከሩ» አለ ይርዳው፤ «እነሱ ሥጋውን መርዝ ይቀቡ።»

ጠዋት ፈለቀ ዘጠኙንም ጓሮው ውስጥ ካሉት ባሕር ዛፎች ጋር አሰረ። ስምንቱ ተረፉ። ዘጠነኛዋ ሻሼ ነበረች፤ ወደ ግቢው ስትመጣ ገመድ የአንገቷ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ገመዱ ሲነካት አበደች። ግንዱን ዞረች፣ ዞረች። ፈለቀ ሌሎቹን አስሮ ሲመለስ ታንቃ አገኛት። ቢላ ኪሱ ውስጥ ነበረ።

ስመኝ ገመድ አልነካችም። የፈረሰው አጥር ክፍተት ላይ ተቀምጣ ስድስቱንም በየስማቸው እየጠራች፣ እየዳበሰች አቆየቻቸው። ረፋዱ ላይ ሥጋው ሸተታቸው። አራቱ ጭኗ ሥር ቀሩ፤ ሁለቱ በትከሻዋ ላይ ዘለው ሄዱ። ሮጣ ስትደርስ አረፋ ደፍቀው ነበር። እጇ ላይ ሞቱ። ሲሞቱ ግን ስማቸውን የሚጠራ ሰው ነበረ፤ አንገታቸው ላይም ምንም አልነበረም።

ይርዳው ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ከመርዝ በታኞቹ ኋላ ኋላ ሄደ። እነሱ ሲጥሉ እሱ ይለቅማል። ለቀማውን ከሰፈሩ ማዶ ጀምሮ፣ እነሱም እየቀደሙት ስለሄዱ፣ የእናቱ ጓሮ ጋ የደረሰው በመጨረሻ ነው። ስንት የሰው ውሻ እንዳተረፈ የሚያውቅ የለም። የሞላውን ማዳበሪያ ማድ ቤቱ ጀርባ አኑሮ፣ ቆፍሮ ሊቀብረው ዶማ ፍለጋ ዞር አለ። ሲመለስ ማዳበሪያው ተቀዷል። በእጁ ጡጦ ያጠባቸው ሦስት ድመቶች አጠገቡ ተዘርረዋል።

እማማ ጥሩወርቅ ያን ቀን ቀትር ላይ ዐረፉ። ከልጆቻቸው አንድም አጠገባቸው አልነበረም። የነበሩት ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ናቸው።

«‹ተረፉ ወይ?› አለችኝ» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ሁሉም ተርፈዋል አልኳት። ምን ልበላት?»

የእድር ሰዎች ለለቀስተኛው ብለው አጥሩን መልሰው አቆሙት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም።

በሰልስቱ ማግስት ሦስቱ ቁልፉ ሥር ተቀመጡ።

«ከሁላችሁም ብዙ በሕይወት ያቆየሁ እኔ ነኝ» አለ ፈለቀ።

«የእማዬን ቃል ያልሰበርኩት እኔ ነኝ» አለች ስመኝ።

«እኔ የማላውቀውን ውሻ ሁሉ አተረፍኩ» አለ ይርዳው።

«ከእኛ ጓሮ ብትጀምር ሁለቱ አይሞቱም ነበር» አለች ስመኝ።

«የሌላው ውሻ ውሻ አይደለም፣ እታለም?»

«ድመቶችህን ንገራቸው» አለ ፈለቀ።

«አንተ ለሻሼ ስትነግራት፣ ወንድምጋሼ።»

ቁልፉን አንዱ ሊያነሳ እጁን ከዘረጋ ሁለቱ ይነሱበታል፤ ስለዚህ ማንም አልዘረጋም።

ያን ጠዋት አንድ ሰው ሴት ቡችላ አምጥቶ ከተቆለፈው በር እጀታ ጋር በገመድ አስሯት ሄዷል። ስታለቅስ ሦስቱም ይሰማሉ። አጥሩ አሁን ጠንካራ ነው፤ ወደ እሷ የሚያደርሰው በሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ስትከራከሩ ግን ቡችላዋ ገመዱን እየጎተተች መሆኑን አትርሱ። ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?