የአጎቴ የቢያድግልኝ ደቦ

እኛ አካባቢ አንድ ሰው ነገሩን ሳያጣራ ቀድሞ ካዘነ፣ ወይም ጉዳዩ ሳይለይለት ቀድሞ ሽር ጉድ ካለ፣ ሰዉ ቶሎ ብሎ የሚወረውርበት አባባል አለች። ስትወረወር ሁሉም ይስቃል። አጎቴ ቢያድግልኝ ብቻ ጋቢውን ያስተካክላል። አሁን አሁንማ ሐይቁን ተሻግራ፣ እኛን አይተውን የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ይሏታል አሉ፤ ከጥንት ከአበው የመጣች የሚመስላቸውም ሞልተዋል። ከየትም አልመጣችም፣ ከእኛ ማሳ ነው የወጣችው። እኔ ትርንጎ ቆሜ አይቻለሁ። ቆሜ እንኳ አይደለም፣ ተቀምጬ ነው፤ የት ላይ እንደተቀመጥኩ ትሰማላችሁ። አባባሏን ግን አሁን አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ ታሪኩን ማን ይሰማኛል?

መንደራችን አሸዋ ጊዮርጊስ ሐይቁ ዳር ነው። ከቤታችን ጀርባ ጎድጓዴ የሚባል የእናቴ የወይን ማሳ አለ። ግንዶቹን ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም፤ የእናቴ አያት ልጅ ሆነው ሲንጠላጠሉባቸው እንኳ ያረጁ ነበሩ ይባላል። ጎንበስ ያሉ፣ የተጣመሙ፣ ልጣቸው እንደ አሮጌ ገመድ የተተረተረ ናቸው። ሌላ አገር ሥር የምትበላ ደቃቃ ተባይ ስላለች፣ ወይን የሚተከለው እሷን በሚችል በሌላ ዘር ሥር ላይ እየተቀጠለ ነው አሉ። የእኛ መሬት አሸዋ ነው፤ ተባይቱ አሸዋ ውስጥ መሄጃ አታገኝም። ስለዚህ የእኛዎቹ ሳይቀጠሉ፣ በገዛ ሥራቸው እንደቆሙ ይኸው አሉ።

እናቴ አንጓች ከዚያ ማሳ ቀይ ወይን ትጠምቃለች። ከዚያ ማሳ ብቻ። በመንደሩ ሌላው ሰው ያለው በሩ ላይ ለጥላ ያቆመው አንድ ሁለት ግንድ ነው፤ አንድ ዓመት የእኛ ፍሬ ሲያንስ ጎረቤታችን፣ “ከኔ በር ለቅመሽ ጨምሪበት እንጂ፣ ማን ያውቅብሻል?” ቢላት፣ “ጠርሙሱ ላይ ጎድጓዴ ብዬ ጽፌ የአንተን በር ላጠጣቸው?” አለችው። ጠርሙሱ ላይ የምጽፈው እንግዲህ እኔ ነኝ። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ብተወውም ጽሕፈቴ ያምራል፣ ማንም ይመስክር።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት፣ በጥር፣ ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል የእናቴን ወይን ቀምሶ መግዛት ፈለገ። እሷም ቅርንጫፉን ሁሉ ከርክማ ጨርሳ፣ ጠርሙሶቹን በጭድ ጠቅልላ ጀልባ ላይ ጫነች። ለእኔ፣ “ማሳዬን እንዳስቀመጥኩት ላግኘው” አለችኝ። ለጥምቀት ሊጠይቀን መጥቶ ለነበረው ለታላቅ ወንድሟ ለቢያድግልኝ ደግሞ፣ “ወንድም ጋሼ፣ አንተ እረፍ” አለችው።

ማረፍ የማያውቅ ሰው እረፍ ሲባል ነው ጉድ የሚፈላው። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ሁሉንም ጭኖታል። ሽንኩርት ከተነሳ “ሽንኩርትን እኔ ጭኜው አውቀዋለሁ” ይላል፤ ሲሚንቶ ከተነሳም እንዲሁ። ወይንም ጭኗል፣ ታች ቆላ ካለ ትልቅ እርሻ። እኔ ግን ክፉ አልለውም፣ እህቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት። ያስቸገረን ይኸው መውደዱ ነው።

እናቴ በሄደች ማግስት፣ በጥር ደረቅ፣ ድብልቅልቅ ያለ ዝናብ ጣለ። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ወደ ማሳው ብንወርድ ግንዶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። በእውነት ያለቅሳሉ፤ ከተቆረጠው ከየቅርንጫፉ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሥራቸው ያለው አሸዋ ረጥቧል። በሌላ ዓመት መሬቱ በደረቀበት ስለሚከረከሙ አንዳንድ ጠብታ አይቼ አውቃለሁ። እንዲህ ሲሆን ግን እኔም አላየሁ፣ የመንደሩም ሰው አላየ።

አጎቴ ኮፍያውን አወለቀ። “አለቀላቸው” አለ።

“ምናቸው አለቀ?”

“ተባይዋ ገባች። ታች ቆላ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የወይን አገር በሙሉ ደርቆ በዶዘር ሲነቀል። ሥሩ ሲበላ ውሃውን የሚይዘው የለም፣ እንዲህ ይተፋዋል።”

“እዚህማ አሸዋ ስለሆነ አትገባም፣ እማዬ...”

“እናትሽ ወይን ጠምቃለች እንጂ ወይን ጭናለች?”

ማታውን አንዱ ቅርንጫፍ ሥር ቅል አሰርኩ። ጠዋት ቅሉ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ቀመስኩት፤ ንጹሕ ውሃ ነው። ይዤለት ሮጥኩ። “ጋሼ፣ እስቲ የሞተ ግንድ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?”

ቅሉን አየት አደረገና፣ “ሰው ሊሞት ሲል ላብ አያልበውም?” አለኝ።

ደነገጥኩ። እውነት ቢሆንስ? ለእናቴ ስደውል ደግሞ የምታነሳው ያቺ “የደወሉላቸውን ደንበኛ” የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ሆነች። የእናቴ ስልክ ከጀልባ ስትወርድ ሐይቅ መግባቱን ያወቅነው በኋላ ነው።

አጎቴ ሁለት ቀን አዝኖ ሰነበተ፤ ሦስተኛው ላይ ሐሳብ መጣለት፤ የእሱ ሐሳብ ከሐዘኑ ይብሳል። እህቱ ተመልሳ የግንዶቿን ሬሳ ከምታይ፣ ሳትመጣ ነቅሎ ሊጠብቃት። በምትካቸው የተቀጠለ ችግኝ ሹፌር ጓደኞቹ ከቆላ ያመጡለታል። ለምልሞ ስታየው ሐዘኗን ትረሳዋለች።

“ችግኙ እስኪያፈራ ምን ልትጠምቅ ነው? ቢያፈራስ ጎድጓዴ ይሆናል?” አልኩት።

“ስሙን እዚያው ትጽፊበታለሽ፣ ጽሕፈትሽ ያምር የለ?”

ደቦ ጠራ። ቀኑ ሐሙስ ሆነ፤ ረቡዕና ዓርብ በግ አይበላም፣ ቅዳሜና እሑድ መሬት አይቆፈርም። ደቦ ማለት እንግዲህ የመንደሩ ወንድ ዶማውን ይዞ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራልሃል፤ አንተ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ አብልተህ አጠጥተህ ትሸኘዋለህ። አጎቴ ሰስቶ አያውቅም። በጎች ጣለ፣ ጠላ አስጠመቀ፣ ለወጡ ደግሞ በሙያዋ የታወቀችውን እትዬ ማስተዋልን ጠራ።

እኔ በየቀኑ ግንዶቹን እዞራለሁ። ልቅሶው እያነሰ መጣ፣ ልቤም አብሮ እያነሰ። ግን ረቡዕ ማታ ቅርንጫፎቹ ላይ ያሉት ቡናማ ጉጦች ወፈር ወፈር ብለው፣ ጫፋቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁ። ለአጎቴ ባሳየው “ሻጋታ ነው” አለ። ምን እንደሆነ እኔም በእርግጥ አላውቅም። ያወቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጥጥ ወደ አንድ ነገር እየሄደ ነው፣ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ጊዜ ደግሞ የለም።

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ሐሙስ ማለዳ እትዬ ማስተዋል ጋ ሄድኩ።

“እትዬ፣ ጋሼ ምግቡ እንደመጡ ይቅረብ ብሏል።”

ማማሰያዋን አቁማ አየችኝ። “ሳይቆፍሩ? ቢያድግልኝ እንዲህ አለ?”

“በልቡ ብሏል።”

“በልቡ ያለውን አንቺ ምን አሰማሽ?”

“እትዬ ስሞትልሽ፣ የእማዬ ግንዶች እኮ ናቸው።”

ወደ ማሳው አየች፣ ወደ ድስቱ አየች። “ወጡም ቢሆን ሲቀዘቅዝ ጣዕሙን ያጣል” አለችና ክዳኑን ከፈተችው።

ወንዶቹ እየጨፈሩ መጡ። ፊታውራሪያቸው አባባ ደምለው ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ዶማ አያነሡም፣ ምላሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልዶለዶመም። ማሳው ዳር ካለው ሾላ ጥላ ሥር ደርሰው ዶማቸውን ከማሳረፋቸው ወጡ ከፊታቸው ከች አለ። የወጡ ሽታ ነው የጣላቸው። አጎቴ ከማሳው ሮጦ ሲደርስ ሁሉም ጎርሰዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እንግዳ ከጎረሰ በኋላ “ቆይ፣ በኋላ ትበላለህ” የሚል ሰው በእኛ አገር አልተወለደም። አጎቴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ያው ሰው የሚለውን አለ፣ “ብሉ እንጂ፣ ምነው አትበሉም?”

“እየበላን ነው፣ ቢያድግልኝ” አሉ አባባ ደምለው፣ “አንተ ደግሞ ብለኸን።”

እኔ ጠላ ቀጂ ሆንኩ። ዋንጫው ሳይጎድል እሞላለሁ። “ጠጡ፣ ጋሼ ይቆጣኛል” እላለሁ። አጎቴ ከማዶ በዓይኑ ይበላኛል፣ በአፉ “ጨምሪላቸው” ይላል። ምን ያድርግ?

ሲጠግቡ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። አንዱ ጋደም አለ። ሌላው ጓደኛውን ሊቀሰቅስ ሄዶ አጠገቡ ተኛ።

“በሉ እንነሣ፣ ቀኑ ሄደ” አለ አጎቴ።

“ሆድ ሲሞላ ዶማ ይከብዳል” አሉ አባባ ደምለው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። “ግንዶቹ ሞተዋል አላልክም? የሞተ አይሸሽም፣ ይቆየናል።”

አጎቴ በዚህ ተናደደ። የማንንም ዶማ ሳይጠይቅ አነሣና ብቻውን ወደ ማሳው ገሰገሰ። ከሁሉም በዕድሜ የምትልቀው ግንድ መሐል ላይ ናት፤ ወገቧ ጎብጦ እንደ በርጩማ ሆኗል። ወደ እሷ መሄዱን ሳይ ማንቆርቆሪያውን ጥዬ በረርኩ። ቀደምኩት። ተቀመጥኩባት።

“ተነሺ።”

“እግሬ ደንዝዟል።”

“ትርንጎ፣ እኔ ጨክኜ ነው? እናትሽ እንዳታይ ብዬ እኮ ነው።”

ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ ሳቄም ትንኮሳዬም እዚያው ጠፋብኝ። “ጋሼ፣ እሷ እንዳስቀመጥኩት ላግኘው ብላኛለች” አልኩት። “ከሞቱም እሷ ትንቀላቸው።”

ዶማውን መሬት ላይ ተከለ፣ ጎንበስ ብሎ እንደ ሽንኩርት ጆንያ በብብቴ ሊያነሣኝ ያዘኝ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ፊቱ የቅርንጫፉ ጫፍ አጠገብ ነው። እጁ ለቀቀኝ። እኔም ወደሚያየው ዞርኩ፤ ከጥጡ መሐል የጫጩት ምላስ የምታህል፣ ጫፏ ቀላ ያለ፣ አረንጓዴ ቅጠል ወጥታለች።

በጣቱ ነካት።

“ይቺ ምንድን ናት?”

“እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። ጭኜው አላውቅም።”

መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እኔማ ተስፈንጥሬ ወደ ሾላው፣ “በቅላለች፣ በቅላለች” እያልኩ፤ ለካ ያ ሁሉ ልቅሶ ሥሩ ዝናቡን ጠጥቶ ሊበቅል ሲነሣ ነበር። ያ ሁሉ የተኛ ሰው ተነሣ። ማሳው ውስጥ ተበተኑ፤ በየግንዱ ሥር አንድ ጎልማሳ ተንበርክኮ ይፈልጋል። “እዚህም አለች” ይላል አንዱ። “የኔዋ ሁለት አላት” ይላል ሌላው፤ የሱ ሆነች በአንዴ። እትዬ ማስተዋል ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ እልል አለች። ዶማዎቹ ሾላው ሥር ተከምረው ቀሩ፤ ያን ቀን አንድም ግንድ አልነኩ።

ቅጠሉ እየተፈለገ ሳለ እናቴ ከጀልባ ወርዳ በሐይቁ ዳር መንገድ ነጠላዋን እያውለበለበች ብቅ አለች። የሆቴሉ ሰዎች ወይኗን ሁሉ ወስደው፣ “በየዓመቱ አምጪልን፣ ከዚያው ማሳ ብቻ” ብለዋት በደስታ እየበረረች ነው። እዚህ ስትደርስ ግን የምታየው ሌላ ነው፤ የታረደ በግ ቆዳ፣ ትልልቅ ድስት፣ የተከመረ ዶማ፣ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ተንበርክኳል፣ ታላቅ ወንድሟ መሬት ላይ ተቀምጦ ዕንባውን ይጠርጋል።

ነጠላዋ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

“ኧረ ማን ነው የሞተብኝ?”

ሁሉም ሰው ወደ አጎቴ አየ። አጎቴ ወደ ቅጠሏ አየ። አባባ ደምለው ብቻ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ጢማቸው ላይ የቀረውን የወጥ ቅባት በመዳፋቸው ጠረጉና፣ “ማንም አልሞተብሽ፣ አንጓች” አሏት፤ “ወይን አለቀሰ፣ ሞኝ ተዝካር ደገሰ።”