ለስኬት አንድ ቁጥር፣ ለውድቀት ገጽ ሙሉ

ኢንጂነር ልሳነወርቅ የፕሮግራሙን መመሪያ ጠረጴዛው ላይ ወርውረው፣ ጣታቸውን የመመሪያው ጸሐፊ ላይ ቀስረዋል። ጸሐፊው ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ኮምፒውተር ቤት ለቤት ሲጠግን ሙያ የለመደ፣ አፉ ከእጁ የሚቀድም ጎረምሳ ነው።

«ፕሮግራሙ ሥራውን ሲያበቃ፣ መሳካት አለመሳካቱን ለማሳወቅ የሚመልሰውን ቁጥር አስረዳ አልኩህ። አንተ ለተሳካው ዜሮን ብቻ ሰጥተህ፣ ለከሸፈው በየምክንያቱ ሌላ ሌላ ቁጥር እየደረደርክ ገጽ ሞላህ። ደንበኛ ምን ይለናል? ለውድቀትም አንድ ቁጥር ይበቃል። ወይ አሳምነኝ፣ ወይ ቦርሳህን ይዘህ ውጣ።»

ጎረምሳው ያለ ትምህርት ወረቀት የሚቀጥረው ሌላ መሥሪያ ቤት እንደሌለ ያውቃል። ቦርሳውን አየት አደረገና፣

«ኢንጂነር፣ የተሳካለትን ሰው ለምን ተሳካልህ ብሎ የሚያፋጥጠው የለም» አለ። «ታላቅ ወንድሜ ሲመረቅ ሰፈሩ እልል ብሎ ተበተነ። እኔ ሳቋርጥ ግን ለምን ያላለኝ የለም። ለእናቴ ዓይኔን አሞኝ ነው አልኩ፤ ለነፍስ አባታችን መምህሩ ጠምዶኝ፤ ለጎረቤት ደግሞ ቤተሰብ ልረዳ ብዬ። ውድቀት ስንት ምክንያት እንደሚፈጅ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል?»

ኢንጂነሩ መመሪያውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ገጹ እንዳለ ይቆይ» አሉ። «ግን ስቀጥርህ ለእኔ የነገርከኝ የትኛውን ነበር?»