ከመሬት ከፍ የሚሉት አባ

አባ ዘሚካኤል የሚባሉ መነኩሴ ሲጸልዩ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ ይላሉ እየተባለ አገሩ ሁሉ ይፈራቸው ነበር። አንድ ቀን ማኅበር ላይ ዘግይተው ሲደርሱ መደቡ ሞልቷል፤ የቀረችው በር አጠገብ ያለች አንዲት አጭር በርጩማ ናት። አባ በርጩማዋን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። መደቡ ጫፍ ላይ ወደተቀመጠው ሸማኔ ዞረው፣

«ተነሥ፣ ልቀመጥበት» አሉት።

«ጉልበቴን ያመኛል፣ አባቴ።»

«እኔ እኮ መንፈስ ቅዱስ ከምድር የሚያነሣኝ ሰው ነኝ። ይህን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ? ከካድክ ከማኅበሩ ውጣ፤ ካመንክ ደግሞ ቦታውን ልቀቅልኝ።»

ጠላ ቀጂው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ሸማኔው የታመመ ጉልበቱን እያሸ ቀና አለ።

«ኧረ አባቴ፣ እንዴት ብዬ እክዳለሁ? ባለፈው ዓርብ በዓይኔ በብረቱ አይቼዎታለሁ። ከመሬት ከፍ ማለቱንማ ተክነውበታል። አሁን የቀረዎት በርጩማ ላይ መቀመጡ ብቻ ነው።»