እጅ የነሳው ተክል

ፊታውራሪ ወንድይራድ ሲራመዱ በጎረቤት አገር ማሰሮ ከመደብ ይወድቅ ነበር። ንጉሡ አንድ ለምለም የቆላ ተክል ቢልኩላቸው፣ «እኔ ከረገጥኩት አፈር ሌላ እንዳይነካው!» ብለው ከደጃቸው አስቆፈሩ። አፈሩ ከመጠቅጠቁ የተነሳ የአገሩን ዶማ ሁሉ ሰባበረ። በዚያው አፈር በሸክላ ማሰሮ የተተከለው ተክልም ሳይሰነብት አንገቱን ደፋ።

አትክልተኛዋ ተጠርታ ቀረበች።

«አንቺ! ጥፋቱ የማን ነው? የተክሉ ካልሽ ንጉሡን ሰድበሻል፤ የአፈሩ ካልሽ እግሬን። በሁለቱም ትገረፊያለሽ!»

ሴትዮዋ ጅራፉን አየት አድርጋ መሬት ሳመች።

«ኧረ ጌታዬ፣ መች ጠወለገ? እጅ እየነሳ ነው እንጂ! እርስዎ በረገጡት መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ማን አለ? ቀና ይበል ካሉ፣ እግርዎ ያልደረሰበት አፈር ይፈለግለት፤ ከተገኘ።»