አያ ጅቦና የአቦሸማኔ አሮጌ መኪና

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቀበሮ አንዲት ቀይ መኪና ይዞ ኮረብታው አናት ላይ ካለው የጅብ ዋሻ ደጃፍ ተገኘ። መኪናዋ በደጉ ዘመን የአቦሸማኔ መወዳደሪያ ነበረች። አሁን ቀለሟ ተላልጧል፣ አንዱ መብራቷ ጠፍቷል፣ ጎማዎቿም እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ሆነዋል። አቦሸማኔ ራሱ እሷን ትቶ በእግሩ መሮጥ ከጀመረ ቆይቷል።

ጅብ የኋላ እግሩ ስለሚያነክስ አህያ አባሮ መያዝ ካቃተው ሰንብቷል። ፈጣን ነገር ሲባል ልቡ ይሸፍታል።

«አያ ጅቦ፣ እጅ አልበዛባትም፤ የነዳት አቦሸማኔ ብቻ ነው» አለ ቀበሮ፣ ኮፈኗን በጅራቱ እየወለወለ። «ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም። ይቺን ይዘህ የትኛዋ አህያ ታመልጥሃለች?»

«በምን ትሰጠኛለህ?»

«በዋሻህ። መኪና ያለው ዋሻ ምን ያደርግለታል? የደረስክበት ሁሉ ቤትህ ነው።»

የጅብ ሚስት ሁለት ልጆቿን አስከትላ ብቅ አለች። «እንዴ! ክረምት እኮ እየመጣ ነው። ልጆቹን የት ልናሳድራቸው ነው?»

ጅብ አልሰማትም። አፍንጫውን በመስኮቱ አስገብቶ ነበር። ወንበሮቹ የእውነተኛ ቆዳ ናቸው። ሌላ ገዢ ቢሆን ዘይቷን ያያል፣ ሞተሯን ያዳምጣል። እሱ ግን አሽትቶ ምራቁን ዋጠና «ጥሩ መኪና ናት» ብሎ ፈረደ።

«እንሞክራታ!» አለ ቀበሮ። ጅብን አጠገቡ አስቀምጦ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ተምዘገዘገች። ማርሚታዋ ያገሳል፣ የጅብ ጆሮዎች በነፋሱ ወደ ኋላ ተኝተዋል። ታች ሜዳው ላይ ሲቆሙ ጅብ በሳቅ እየተንፈራፈረ ነበር።

«በሷው እንመለስ!» አለ።

«ተው፣ ሞተሯ ይረፍ። አንተ በእግርህ ውጣ፣ ነፋስም ትቀበላለህ። እኔ እዚህ እጠብቃታለሁ።»

ጅብ እያነከሰ ዳገቱን ተያያዘው። አህያ ከላይ ሆና ሣር ትግጥ ነበርና ገና ከሩቁ ጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ መኪና ሞክሮ የሚመለስ በእግሩ ይመጣል እንዴ?»

«ሞተሯ እያረፈ ነው።»

«እንግዲያው ስማኝ። ከመስማማትህ በፊት ይቺን ዳገት አስወጣት። ትናንት እደጃፍህ ድረስ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ በገመድ ጎትቼ። ይኸው አንገቴን ተመልከት።»

ጅብ ተመለከተ። ገመዱ የላጠውን ቦታ ግን አላየም፤ ያየው አንገቷን ነው። ምራቁን እንደገና ዋጠ።

«ገባኝ!» አለ። «እንዳልይዝሽ ፈርተሽ ነው አትግዛ የምትዪኝ።»

«የምትወጣ ብትሆንማ እስካሁን ሮጬ ነበር» አለች አህያ፣ ሣሯን ሳታቋርጥ። «እኔ የምፈራው ቤት የሌለው ጅብ ነው። ዝናብ ሲመታው አርፎ አይተኛም፤ ሲዞር ነው የሚከርመው።»

እውነቷን ነበር። ግን እራቱ ሊያደርጋት ያሰባት አህያ የሰጠችውን ምክር ማን ይሰማል?

በማግሥቱ ጠዋት ቀበሮ ዋሻውን ተረከበ። ጅብም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሜዳው ወረደ። «ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ!» አለና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ሳለችና ተነሣች። ዳገቱን ጀመር አደረገች። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወደ ኋላ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ቀጥ አለች።

አህያ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ሣሯ ተመለሰች። አንድ እርምጃ እንኳ አልሸሸችም። ጅብ ምክሯን ያመነው ያን ጊዜ ነው።

እያለከለከ ዋሻው ደጃፍ ደረሰ። «ቀበሮ! ዋሻዬን መልስልኝ! አታለልከኝ!»

ቀበሮ አንገቱን ብቻ ብቅ አደረገ። «ሞክረህ አይደል እንዴ የወሰድካት?»

«ቁልቁለት ነዋ የሞከርኳት!»

«ዳገቱን በእግርህ ስትወጣ ታዲያ፣ ምነው አልገረመህም?» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ዝናቡ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀመረ። የጅብ ቤተሰብ መኪናዋ ውስጥ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ጣሪያዋ ያፈሳል። ሚስቱ ልጆቹን ከሚያፈሰው ቦታ ራቅ አድርጋ አቀፈቻቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ የኋላውን ወንበር ቆዳ ቀድዶ አካፈላቸው።

«ይጣፍጣል?» አላቸው።

«ይጣፍጣል አባዬ» አለ ትንሹ። «ቤታችን የምንሄደው ግን መቼ ነው?»

ጅብ በመስኮቱ በኩል ዳገቱን አሻቅቦ ያይ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ልባችን አስቀድሞ የወደደውን ነገር ልንገዛ ስንነሣ፣ «ዳገት አስወጣው» የሚለንን እንደ ጠላት ከማየት ይልቅ ዳገቱን አስወጥቶ ማየት እንደሚበጅ ነው።