ተመቸህ የማይባልበት አፋፍ

ለወንድሜ የገዛሁትን የአደን ሱሪ ሳልለብሰው «ለብሼ ወጥቼበታለሁ» ብዬ ዋሽቻለሁ። ይህ ለሸምበቂት ሰው ከባድ ነገር ነው፤ ለሌላው ግን ክብደቱ የሚገባው የድንጋዩን ታሪክ ሲሰማ ስለሆነ፣ የራሴን ነገር ወደ ኋላ ትቼ እሱን አስቀድማለሁ።

ሸምበቂት ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ወደ በረሃው ከመውረዱ በፊት አንድ ግራጫ ድንጋይ ይዘጋዋል። ቁመቱ ከሰው ወገብ ይደርሳል፤ ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ ወደ ታች የሚሄድ ሁሉ እግሩን አንስቶ በላዩ ላይ መውጣት አለበት። ስሙ ጉልበት ድንጋይ ነው። ከሥሩ በተነጠፈው አለት ላይ ጎን ለጎን የተቦረቦሩ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥሩና ወፎች ይጠጡባቸዋል።

በዚህ ድንጋይ አንድ ልማድ ይፈጸማል። ለአደን፣ ለማር ቆረጣ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ በረሃ የሚወርድ ወንድ ሱሪውን ያዘጋጀችለት ሴት፣ ሰፍታውም ይሁን ገዝታው፣ ከእሱ በፊት ራሷ ለብሳው ድንጋዩ ላይ ትወጣለች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰብስባ፣ የወንድ ሱሪ አጥልቃ፣ በመንደሩ መካከል አልፋ ስትሄድ የሚስቅባት የለም። በመንደሩ የተከለከለ ሌላም ነገር አለ፤ አዲስ ሱሪ የለበሰን ሰው «ተመቸህ?» ብሎ መጠየቅ። ልጇን ለበዓል ሱሪ ያለበሰች እናት እንኳ «እስቲ ቁጢጥ በልበት» ትለዋለች እንጂ ያችን ቃል አታወጣም። የሁለቱም ልማዶች ምንጭ አንድ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ ጠመንጃ በአገሩ ገና ባልበዛበት ዘመን፣ ጠጂቱ የምትባል ሴት አዛናው ከሚባል ታናሽ ወንድሟ ጋር በሸምበቂት ትኖር ነበር። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት በበሽታ ስለሞቱ ጠጂቱ ሳታገባ ሳትወልድ እናት ሆነች፤ ሽማግሌ የላከባትንም ሁሉ «መጀመሪያ ወንድሜ ሰው ፊት ይቀመጥ» እያለች ትመልስ ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን ጎሽ ያልገደለ ወንድ ከአዳኞች ጋር አይቀመጥም፤ በሸንጎ ቢናገር ዘወር ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ ሴት ልጁን የሚሰጠውም አልነበረም።

አዛናው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በረሃ የወረደው በሰፊ የጥጥ ሱሪ ነበር። ሱሪው ለስላሳ፣ ለመሮጥም ለመቀመጥም የሚመች ነበር፤ ነገር ግን በረሃው ውስጥ ቆንጥር የሚሉት፣ እሾሁ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ቁጥቋጦ አለና ጨርቅ ካገኘ አይለቅም። ጓደኞቹ የጎሹን ዱካ ሲከተሉ እሱ ከእሾህ ሲላቀቅ ኋላ ቀረ፤ ሲመለስም ጭኑ ተቧጥጦ፣ የሰው ጋቢ አገልድሞ መንደር ገባ።

በማግስቱ ጠጂቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ምንጩ ዳር ተሰብስበው ነበር።

«ጠጂቱ፣ ወንድምሽ ምን ገደለ አሉ?» አለቻት አንዷ እንስራዋን እየሞላች።

«ሱሪ ነዋ!» አለች ሌላዋ። «ያውም ትልቅ ሱሪ። ሬሳውን ቆንጥር ላይ ሰቅሎት መጣ።»

ሁሉም ሳቁ። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ በዚያ መንደር ሰው በሰው ሱሪ የማይስቅበት ቀን አልነበረም። ጠጂቱ ግን እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እሾህ የማይደፍረው ሱሪ ለመሥራት ተነሳች።

የአጋዘን ቆዳ ለምና አገኘች፤ ራሷ አለፋችው። ጥጡንም ራሷ ፈትላ በድርብ አሠራችና ቆዳውን በላዩ ላይ በጅማት ሰፋችው። ወስፌው እየከዳት ጣቶቿ ተበሳሱ። እጥፋት ካለው እሾህ ይገባበታል ብላ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጠበበችው፤ እሾህ እንዳያልፍበትም ጉልበቱ ላይ ቆዳውን ደረበችበት። ሲያልቅ የቆንጥር ቅርንጫፍ አምጥታ ደበደበችው፤ ጎተተችው፤ አንድም ክር አልተነሳም። ለእሾህ እንዲህ አድርጋ ሞከረችው። ለጉልበት ግን አልሞከረችውም፤ ሴት የወንድ ሱሪ መልበሷ ትልቅ ነውር ነበርና። አዛናውም አልሞከረው፤ የአደን ልብስ የመሸኛው ቀን ደርሶ ሳይመረቅ አይለበስም ነበርና።

የመሸኛው ቀን አዛናው ሱሪውን ለብሶ ከቤት ሲወጣ፣ ምንጭ ዳር የሳቁት ሴቶች በቅርብ ሊያዩት ተጠጉ ይባላል። እንዲያ ያለ ሱሪ በአገሩ ታይቶ አያውቅም። ከመካከላቸው አንዷ ቀድማ፣ «ዘንድሮስ የሚቀደደው ቆንጥሩ ነው!» ብላ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ጠጂቱ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ወደ ወንድሟ ቀረብ ብላ፣

«ተመቸህ?» አለችው።

አዛናው የእህቱን ጣቶች አየ። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ያን ያህል ደስ ብሏት ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷት አያውቅም።

«ተመቸኝ፣ እቴ» አላት።

አዳኞቹ ወደ አፋፉ ሄዱ። ከድንጋዩ ሲደርሱ ሁሉም እግሩን እያነሳ ወጣ፤ አዛናው ግን በሆዱ ተንከባሎ ተሻገረ። ጓደኞቹ ደስታው ያስቀለደው መስሏቸው ሳቁ። የአዳኞቹ አለቃ አባ ጓንጉል ግን ከኋላ ሆነው አይተው ነበርና፣ ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረዱ ጠሩት።

«ልጄ፣ አሮጌውን ሱሪ አልያዝኸውም?»

«እሱማ ከሱሪነት ወጥቷል፣ አባ።»

«እንግዲያው ይሄንን ከጉልበቱ በላይ ቅደደው። ጩቤው ይኸው።»

አዛናው ጩቤውን ተቀብሎ ጥቂት አየውና መለሰላቸው።

«እቴ ስመለስ መጀመሪያ የምታየው ሱሪዬን ነው» አለ።

አባ ጓንጉል ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ኋላ ላይ እስኪሞቱ ድረስ የቆጫቸው ያ ዝምታ እንደሆነ ይነገራል።

በረሃው ውስጥ ወንዝ ተሻገሩ፤ ቆዳው ረጠበ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሄዱ፤ ቆዳውም ሲደርቅ ጭራሽ ተኮማተረና እንደ ሳንቃ ደረቀ። ቆንጥሩ ውስጥ ሲገቡ ግን ነገሩ ሁሉ ጠጂቱ እንዳሰበችው ሆነ። ሌሎቹ እየተቧጠጡ ኋላ ሲቀሩ አዛናው እሾሁን እየጣሰ ከሁሉም ቀደመ። ጎሹንም ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው፤ ጦሩን ወረወረ፤ ሳተ የሚሉም አሉ፣ አቆሰለው የሚሉም አሉ። ጎሹ ዞሮ መጣበት። አጠገቡ ዝቅ ያለ ባላ ያለው ዛፍ ነበር፤ ልጅ እንኳ የሚወጣው ዛፍ ነው ይላሉ። ጓደኞቹ ከሩቅ ሆነው፣ «ውጣ! አዛናው፣ ውጣ!» እያሉ ጮኹ። እጁ ቅርንጫፉን ይዞ ነበር። እግሩ ግን ባላው ላይ ሊደርስለት አልቻለም።

እዚያው በረሃው ውስጥ ቀበሩት። እንደ ልማዱም ልብሱን ለቤተሰቡ አመጡ። ጠጂቱ ሱሪውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ከደሙ በቀር አንዳች አልሆነም፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም።

«ምን ሆኖ ሞተ?» አለች።

«ጎሽ ወጋው» አሉ አባ ጓንጉል አንገታቸውን ደፍተው።

«ዛፍ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ዛፍ መውጣት ከሕፃንነቱ ያውቅ የለም እንዴ?»

ለቅሶው ሁሉ እስኪያልቅ ጠጂቱ ያን ጥያቄ ከአፏ አልነጠለችውም፤ ሰዎቹም ስላዘኑላት እውነቱን አልነገሯትም። ጓደኞቹ ዘወር ይላሉ፤ ሴቶቹ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ይነሳሉ።

አንድ ቀን በቀትር ጠጂቱ የወንድሟን ሱሪ ለብሳ ከቤት ወጣች። በመንደሩ መካከል እግሮቿን እንደ በትር እያስቀደመች ስትሄድ፣ እናቶች «ጠጂቱ አበደች» ብለው ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገቡ። እሷ ማንንም አላየችም፤ በቀጥታ ወደ አፋፉ ሄዳ ከድንጋዩ ፊት ቆመች፤ እንደማንኛውም መንገደኛ ልትወጣበት እግሯን አነሳች። ጉልበቷ አልታጠፈም። በሌላው እግሯ ሞከረች፤ አልታጠፈም። ደግማ ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ በኃይል ስታነሳው ወደ ፊት ወደቀችና፣ ደረቁ ቆዳ በገላዋ ክብደት ግድ ታጥፎ፣ ከድንጋዩ ሥር በጉልበቷ ተደፋች። ያኔ ማንም ያልነገራት ነገር ገባት።

«ተመቸኝ አልኸኝ» አለች ይባላል። «ወንድሜ፣ ለምን ተመቸኝ አልኸኝ?»

ከዚያ አልነሳም አለች። ፀሐይ መታት፤ ዝናብ መታት፤ እህል ቢያመጡላት አልቀመሰችም። ሰው ተሰበሰበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ሴት የወንድ ሱሪ ለብሳ አደባባይ መንበርከኳ መቅሰፍት ያመጣብናል፤ ይውለቅላት» ሲል፣ አባ ጓንጉል በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጁ በሕይወት ሳለ ብትለብሰው ኖሮ ዛሬ ለብሳው ባላየናት» አሉ። «ነውሩ የኛ ነው። እኔ በዓይኔ አይቼ ዝም አልሁ፤ እሱ አውቆ ተመቸኝ አለ፤ እሷ እንዳትሞክረው እኛ ከለከልን። ከዛሬ ጀምሮ ያዘጋጀችው ሴት ሳትለብሰው፣ ለብሳም እዚህ ድንጋይ ላይ ሳትወጣ፣ በሸምበቂት ሱሪ የሚለብስ አዳኝ አይኑር። ያን ቀን የሚስቅባት ወንድ ከኔ ጋር አይውረድ። ሰውንም ተመቸህ ብላችሁ አትጠይቁት። የሚወዳችሁ ሰው ይዋሻችኋል።»

ጠጂቱ ከዚያ በኋላ ተነሳች። ባል አላገባችም ይባላል፤ የመንደሩን አዳኞች ሱሪ ስትሰፋ ኖረች። ጥብቅና ወፍራም የሆነው ጨርቅ ለጭንና ለቅልጥም እንዲሆን፣ ከጉልበት ኋላና ከሁለቱ እግሮች መጋጠሚያ ላይ ግን ሰፊና ለስላሳ ቁራጭ እንዲገባ፣ ሱሪውም ከመለበሱ በፊት ረጥቦ እንዲደርቅና እንዲፈተን ያስተማረች እሷ ናት ይላሉ። እያንዳንዱንም ራሷ ለብሳ ድንጋዩ ላይ ትወጣ ነበር፤ ጉልበቷ ካልታጠፈላት እዚያው ተቀምጣ ስፌቱን ትፈታዋለች። እነዚያ ሁለት ጉድጓዶች የጠጂቱ ጉልበቶች ያረፉባቸው ናቸው ይባላል። ከሷ በኋላ በየዘመኑ የተንበረከኩ ሴቶች ናቸው የቦረቦሯቸው የሚሉም አሉ።

እኔ ይህን ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ታላቅ ወንድሜ ፈንታሁን ፈቃድ ላላቸው አዳኞች መንገድ መሪ ሆኖ ወደ በረሃ ሊወርድ ሲል፣ ከተማ የማስተምር እኔ ነበርሁና ጠንካራ ሱሪ እንድገዛለት ላከብኝ። ባለ ብዙ ኪስ ካኪ ገዛሁ። ነጋዴው «ይሄን በሬ ቢጎትተው አይቀደድም» አለኝ፤ ስፌቱን እየጎተተ አሳየኝ። ሱሪው ደረቅ ያለና ከጉልበቱ ጠበብ ያለ እንደሆነ በእጄ ታውቆኝ ነበር። ነገር ግን ሱሪውን ላደርስለት ስመጣ አብረውኝ የሚያስተምሩ ጓደኞቼን መንደሬን ላሳያቸው ይዣቸው መጥቼ ነበር፤ እነሱ እያዩ የወንድ ሱሪ ለብሼ ድንጋይ ላይ መውጣት አሳፈረኝ። ከተማ ውስጥ በየቀኑ ሱሪ የምለብስ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አፈርሁ። እናቴ ስትጠይቀኝ «በጠዋት ለብሼ ወጥቼበታለሁ» አልኋት። ፈንታሁን አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ አመነኝ።

ቁልቁለቱ ላይ የቆሰለ ከርከሮ ሲመጣበት ከአንድ ዓለት ወደ ሌላው መዝለል ነበረበት። እግሩ አጠረና ገደል ገባ። አልሞተም፤ የቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ ላይ ዳግመኛ አልታጠፈም። የጤና ጣቢያው ሰው ሱሪውን በመቀስ ሲቆርጠው እንኳ አስቸግሮት እንደነበር ነገሩኝ፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዘንድሮ ሄጄ ከፈንታሁን አጠገብ ተቀመጥሁና ሱሪውን ሳልለብሰው እንደሰጠሁት ነገርሁት። ዱላውን በጭኑ ላይ አጋድሞ ሰማኝ። የማይታጠፈው እግሩ በመካከላችን ተዘርግቶ ነበር።

«ተይው እባክሽ» አለኝ። «ሱሪውስ ተመችቶኝ ነበር።»

እሱ ጥፋቴን ካልተቀበለ ይቅርታውንም ከእሱ ልቀበል አልቻልሁም። ከቤቱ ወጥቼ ወደ አፋፉ ሄድሁ፤ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሁለቱ ጉድጓዶች ውሃ ሞልተዋል። ጉልበቴን አጥፌ እዚያ ተንበረከክሁ። የእኔ ጉልበት ይታጠፋል።

አንባቢ ሆይ፣ የሸምበቂት ሰው ብትሆንም ባትሆንም፣ እባክህ ይቅር በለኝ።